መንገዱን የዋጠው ሐይቅ



በዚህ ክፍል የምናነበው ስለ አንድ ቀን ጉዞ ነው። ጉዞ ሲባል ሁላችሁም ደስ እንደሚላችሁ ዐውቃለሁ። ገና ሳይነጋ መነሣት፣ በመስኮት በኩል ለመቀመጥ መሽቀዳደም፣ ከከተማ ሳይወጡ ስንቅ መፍታት የልጅ ሁሉ ጠባይ ነው። ነገር ግን ጉዞ ከዚህ የበለጠ ጥቅም አለው። ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው መንገድ ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

እስኪ አስቡት። በመንገድ ስንሄድ ድንገት አንድ እንግዳ ነገር እናያለን። መኪናው ይቆማል። ወርደን «ጉድ ነው! ድንቅ ነው!» እንላለን። ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ከዚያም ተሳፍረን እንሄዳለን። ለእኛ ነገሩ በዚሁ አለቀ። እዚያ ለሚኖረው ሰው ግን አላለቀም። እርሱ ጧት ሲነሣ ያየዋል፤ ማታም ከእርሱ ጋር ያድራል። ለመንገደኛ ትዕይንት የሆነው ነገር ለባለ አገሩ ኑሮ ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ጉዞ ልንገራችሁ።

ከደጋ ወደ ቆላ

ቀኑ ቅዳሜ፣ የካቲት 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። የትምህርት ቤት የግማሽ ዓመት ዕረፍት ስለ ነበረ፣ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ሃያ ሁለቱን ይዘን ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ከወላጆቻቸው ጋር ተስማማን። አንድ ኮስተር መኪና ተከራየን። እናቶች ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች አሰናዱልን። ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ተሰብስበን፣ ጸሎት አድርሰን ተነሣን።

ብርዱ ጠንካራ ስለ ነበር ልጆቹ ሁሉ ሹራብ ደርበዋል፤ አንዳንዶቹም ነጠላ ተከናንበዋል። ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፈን አዳማ ስንደርስ ሹራቡ መውለቅ ጀመረ። ወለንጪቲን ስናልፍ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። መተሐራ አጠገብ ስንደርስ ደግሞ «መምህር፣ ውኃ አለ?» የማይል ልጅ አልነበረም።

ይህ ለምን ሆነ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዳማ 1,600 ሜትር ያህል ናት። መተሐራ ግን 1,000 ሜትር እንኳ አትሞላም። ስለዚህ 200 ኪሎ ሜትር በምትሆን መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደናል ማለት ነው። የወረድንበትም ቦታ ተራ ቆላ አይደለም። በጂኦግራፊ ትምህርታችሁ የምታውቁት ስምጥ ሸለቆ ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ መሬት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ በቀስ እየተለያየች ነው። በዓመት የምትለያየው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። ይሁን እንጂ መሬት በሳሳችበት ቦታ ከታች ያለው ግለት ወደ ላይ መውጫ ያገኛል። ፍል ውኃውም፣ እሳተ ገሞራውም፣ የመሬት መንቀጥቀጡም የሚበዛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ጥቁሩ ድንጋይና ሐይቁ

መተሐራ ከተማ ሳንገባ በፊት በመንገዱ ዳር ምድሩ ድንገት ጠቆረ። እንደ ከሰል የጠቆረ፣ የተሰባበረ፣ በአንዳንድ ስፍራም እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ድንጋይ ሜዳውን ሞልቶታል። በስተ ግራ በኩል የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው፤ በዐናቱ ላይ ሰፊ ጐድጓዳ አፍ አለው። ያ ጥቁር ድንጋይ ከተራራው ግርጌ መሬት ተሰንጥቃ ያፈሰሰችው ቅልጥ ዐለት ነው። የፈሰሰውም ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሁለት መቶ ዓመት ለሰው ብዙ ነው፤ ለምድር ግን ትናንት ማለት ነው። ዛሬም በድንጋዩ ላይ የበቀለው ቍጥቋጦ ጥቂት ነው።

ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድን ደግሞ ውኃ አየን። በግራም ውኃ፣ በቀኝም ውኃ፤ መንገዱ በመካከል በድንጋይ ተደልድሎ እንደ ድልድይ ያልፋል። በውኃው ውስጥ የደረቁ የግራር ግንዶች ቆመዋል። ሾፌራችን መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ አቆመና፦

«ልጆች፣ ውረዱ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ እዚህ ሳይቆም አያልፍም» አለ።

ይህ በሰቃ ሐይቅ ነው፤ የመተሐራ ሐይቅም ይባላል።

ልጆቹ ወርደው ወደ ዳር ተጠጉ። ከእነርሱ አንዱ እጁን በውኃው አጠበና «መምህር፣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል!» አለኝ። እውነቱን ነው። ውኃው ጨውና ሶዳ የበዛበት ነው። ሌላው ደግሞ «ዛፎቹ ለምን ውኃ ውስጥ በቀሉ?» ብሎ ጠየቀ። መልካም ጥያቄ ነበር። እኔም መልሼ «ግራር በውኃ ውስጥ ይበቅላል ወይ?» አልኩት። አሰበና «አይበቅልም» አለ። «እንግዲያስ ማን ቀድሞ ነበረ? ዛፉ ወይስ ውኃው?» አልኩት። ያን ጊዜ ሁሉም ዝም ብለው ወደ ግንዶቹ ተመለከቱ። ዛፉ ነበር ቀድሞ የነበረው። ውኃው የመጣው በኋላ ነው።

በዚህ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ቆማ የነበረች አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወደ ውኃው እያመለከተች ተናገረች።

«መምህር፣ አያቴ ልጅ ሳሉ እዚያ ጋ ከብት ይጠብቁ ነበር።»

«የት ጋ?» አልኳት።

«እዚያ፣ ግንዶቹ ያሉበት። ሐይቁ ያን ጊዜ ትንሽ ነበር ይላሉ። ከቤታቸው ተነሥተው እርሱ ጋ ለመድረስ ብዙ ይሄዱ ነበር። አሁን ግን እርሱ ራሱ መጣብን ይላሉ።»

አያቷ ካደጉ በኋላ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኑ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የባቡር ሐዲድ በዚሁ በበሰቃ አጠገብ ያልፍ ነበር። ውኃው እየጨመረ ሲሄድ የባቡሩን ሐዲድም የመኪናውንም መንገድ በድንጋይና በዐፈር ደጋግሞ ከፍ ማድረግ አስፈለገ። አያቷ ድንጋይ ከሚያፈስሱት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። በልጅነታቸው ከብት በጠበቁበት መሬት ላይ፣ በጕልማሳነታቸው ውኃ ለመከላከል ድንጋይ ደለደሉ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ ሐይቁን የተመለከቱት በሌላ ዓይን ነው። ቀድሞ «መንገድ የዋጠ ሐይቅ» እያሉ ይሥቁ ነበር። አሁን ግን «የአያትሽ ቤትስ? ደረሰበት?» እያሉ ይጠይቋት ጀመር። እርሷም «ቤቱ ከተማ ውስጥ ነው፤ አልደረሰበትም። የጎረቤታቸው እርሻ ግን ጨው ሆነ» አለቻቸው።

ሐይቁ ለምን ሰፋ?

ልጆች፣ በሰቃ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ2000ዎቹ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተለካ። ይህም ማለት በሃምሳ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከዐሥራ ሦስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ በአንድ ሌሊት የመጣ ጎርፍ አይደለም። የሚያስገርመው ደግሞ አገሩ ቆላ፣ ዝናቡም ጥቂት መሆኑ ነው። ፀሐይ ከሐይቁ ላይ የምታተንነው ውኃ ከሰማይ ከሚወርድበት ይበልጣል። ታዲያ ውኃው ከየት መጣ?

የመጣው ከመሬት በታች ነው። ይህን ለመረዳት በቤታችሁ አንድ ሙከራ አድርጉ። አንድ ባልዲ ውሰዱና ዐሸዋ ሙሉበት። በመካከሉ በእጃችሁ ትንሽ ጕድጓድ ቈፍሩ። ከዚያም ውኃውን በጕድጓዱ ውስጥ ሳይሆን በባልዲው ዳር ባለው ዐሸዋ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ጥቂት ቆይቶ ጕድጓዱ ራሱ ውኃ ያቈራል። በጕድጓዱ ውስጥ አንድ ጠብታ አላፈሰሳችሁም፤ ነገር ግን ሞላ።

በበሰቃም የሆነው ይህን ይመስላል። የአዋሽ ወንዝ ቆቃ ላይ ከተገደበ በኋላ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በመተሐራ አካባቢ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ተከፈቱ። ከእነርሱም ዋናው የሸንኮራ አገዳ ነው። ሻይ የምትጠጡበት ስኳር ከፊሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሸንኮራ አገዳ ብዙ ውኃ ይወዳል። ለእርሻው የሚለቀቀው ውኃ ሁሉ ግን በተክሉ አይጠጣም፤ የተረፈው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ዝቅ ወዳለው ቦታም ይሄዳል። ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ በሰቃ ነው። ሐይቁን ያጠኑ ሊቃውንት ከመስኖው ሌላ ምክንያትም ይጨምራሉ። አካባቢው ስምጥ ሸለቆ ስለ ሆነ መሬቱ የተሰነጣጠቀ ነው። በስንጥቁ ውስጥ የሚያልፈው ፍል ውኃና የከርሰ ምድር ውኃም ወደ ሐይቁ ይገባል።

ጨውስ ከየት መጣ? በድስት ውስጥ ጨው ያለበት ውኃ ብታፈሉ ውኃው ተንኖ ያልቃል፤ ጨው ግን ከድስቱ ጋር ይቀራል። በሰቃ ውኃ ይገባበት ነበር እንጂ የሚወጣበት ወንዝ አልነበረውም። ፀሐይ ለረጅም ዘመን ውኃውን እየወሰደች ጨውን ትታለች። ስለዚህ ሐይቁ ሲሰፋ ይዞት የሚመጣው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም ይመጣል። ጨው የነካው መሬት ሣር አያበቅልም፤ አገዳም አያበቅልም። ይህ እንዳይባባስ የሐይቁ ውኃ በቦይ እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲፈስ ተደርጓል። በዝቶ ከተለቀቀ ደግሞ ከታች አዋሽን የሚጠጡትን ሰዎችና ከብቶች፣ በአዋሽ የሚለማውንም እርሻ ይጐዳል። ስለዚህ መመጠኑ ግድ ነው።

ይኸው መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲቀጥልና ወደ ሐረር ሲታጠፍ ሌላ ሐይቅ ያገኛል፤ ሐረማያ ይባላል። የሐረማያ ታሪክ የበሰቃ ተቃራኒ ነው። ለመጠጥና ለመስኖ ብዙ ውኃ ከተቀዳ በኋላ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል። እንግዲህ ተመልከቱ። በአንድ መንገድ ላይ ካሉ ሁለት ሐይቆች አንዱ ውኃ ሲወሰድበት ደረቀ፤ ሌላው ውኃ ሲጨመርበት መንገድ ዋጠ። በሁለቱም ውስጥ የሰው እጅ አለበት። እነዚያ ገበሬዎች ክፉ ሊሠሩ አልተነሡም፤ እንጀራቸውን ሊያበስሉ ነው የተነሡት። ውኃ ግን የሰውን ሐሳብ አይጠይቅም፤ ወደሚወርድበት ይወርዳል።

ሣሩ አንድ ነው

ከበሰቃ ተነሥተን መተሐራን አልፈን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በር ደረስን። ይህ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የታወጀ፣ በአገራችን ካሉት ብሔራዊ ፓርኮች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ450 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኙበታል። አውራ ጐዳናው መካከሉን ሰንጥቆት ያልፋል። በሰሜን በኩል ፈንታሌና የፍል ውኃው ምንጭ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ይገኛሉ።

በሩ ላይ አንድ ስካውት ጠመንጃቸውን አንግተው ተሳፈሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ ከመኪና ውረዱ ስላችሁ ብቻ ትወርዳላችሁ። አትጮኹም። ፌስታልና የብስኵት ወረቀት አትጥሉም። የዱር እንስሳ ፌስታል በልቶ ይሞታል» አሉ። ልጆቹም «እሺ ጋሼ» አሉ።

ወደ ኢላላ ሳላ ሜዳ ስንገባ ከልጆቹ መካከል ኦሮምኛ የሚናገር አንዱ ብድግ ብሎ «መምህር፣ በእኛ ቋንቋ ‹ኢላላ› ማለት ‹እዩ› ማለት እኮ ነው!» አለ። ስካውቱ ፈገግ አሉና «እንግዲያስ እዩ!» ብለው በጣታቸው አመለከቱ። አሥራ አንድ ሳላዎች በሣሩ መካከል ቆመው ነበር።

ሳላን በሥዕል እንጂ በዓይናችሁ አላያችሁ ይሆናል። ቁመቱ ከአህያ ከፍ ይላል፤ ሰውነቱ ግራጫ ነው፤ ፊቱ ላይ በጥቁር ቀለም እንደ ተኳለ መስመር አለው። ቀንዶቹ ረጅምና እንደ ጦር ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ወንዱም ሴቷም አላቸው። ከጐን ሲታይ ሁለቱ ቀንዶች ስለሚደራረቡ አንድ ቀንድ ብቻ ያለው ይመስላል። ከሁሉ የሚገርመው ውኃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን መቆየቱ ነው። ከሚግጠው ሣርና ሥር እርጥበት ያገኛል። ሙቀት ሲበዛበትም እንደ እኛ ቶሎ አያልበውም። የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ውኃ በሌለበት አገር ውኃ ቈጣቢ ሆኖ ተፈጠረ ማለት ነው።

ከሳላው ሌላ ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ የሚሮጥ ከርከሮ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በቍጥቋጦ ሥር የሚሸሸጉ እንሹዎች አየን። ከዚያም ወደ አዋሽ ፏፏቴ ሄድን። ወራቱ በጋ ቢሆንም ቡናማው ውኃ በጥቁሩ ዐለት ላይ እየተንደረደረ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ከታች በዐሸዋው ላይ አንድ አዞ እንደ ወደቀ ግንድ ተጋድሟል። እኔም በዚያው አጋጣሚ አዋሽ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹ «ወደ ባሕር» አሉ። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአፋር በረሓ፣ በጅቡቲ ጠረፍ ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ይቀራል። በኢትዮጵያ ምድር ተነሥቶ እየተጠጣ፣ እየተቀዳ፣ እያለማ ሄዶ በዚያው ያልቃል።

በፏፏቴው አጠገብ በግራር ጥላ ሥር ምሳችንን በላን። ስካውቱም ከእኛ ጋር ድፎውን ቈርሰው በሉ። ያን ጊዜ ነው በሩቁ፣ በሜዳው ጫፍ፣ የግመል መንጋ ሲያልፍ ያየነው። አንዱ ልጅ ተቈጣና ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ግመል በፓርክ ውስጥ ምን ይሠራል? የሳላውን ሣር እኮ እየበሉት ነው! አይባረሩም?»

ስካውቱ ወዲያው አልመለሱም። እጃቸውን ጠረጉና ወደ ግመሎቹ አዩ።

«ልጄ፣ እውነትህን ነው፤ ሕጉ አይፈቅድም። እኔም ሂድና መልሳቸው እባላለሁ፤ እመልሳቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ከረዩ ነኝ። ፓርኩ ሳይከለል በፊት አባቴ በበጋ ከብቶቹን የሚያሰማራው እዚህ ነበር። ከዚያ ከወንዙ ዳር ያለው መሬት ሸንኮራ ሆነ። ይኼ ደግሞ ፓርክ ሆነ። በዚያ በኩል በሰቃ መጣ። እረኛው ወዴት ይሂድ? እኔ የሳላ ጠባቂ ነኝ፤ ደመወዜን የምበላው በሳላ ነው፤ ሳላ እንዲጠፋ አልፈልግም። ያ የምታየው እረኛ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሳላው ሣር ይፈልጋል፤ ግመሉም ቅጠል፣ ላሚቱም ሣር ትፈልጋለች። ሣሩ ግን አንድ ነው።»

ልጁ የሚመልሰው አጣ። እኔም መልስ አልጨመርኩለትም፤ ምክንያቱም የስካውቱ ንግግር በአንድ ቃል የሚፈታ አይደለም። ከረዩዎች ከኦሮሞ ሕዝብ ወገን የሆኑ አርብቶ አደሮች ናቸው። ኑሯቸው የተመሠረተው በዝናብ ወራት ራቅ ወዳለው ግጦሽ ሄደው፣ በበጋ ወደ አዋሽ ዳር በመመለስ ላይ ነበር። የበጋው መሬት ሲጠብ መላው ዓመት ጠበበባቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ሳላውም የሚግጥበት ሜዳ ያስፈልገዋል። ሁለቱም እውነት ነው። እውነት ሁለት ሲሆን አንዱን ቶሎ ይዞ ሌላውን መርገጥ ቀላል ነው፤ የሚከብደውና የሚጠቅመው ሁለቱንም ይዞ ማሰብ ነው።

በመመለሻችን መኪናው ውስጥ ክርክር ተነሣ። ገሚሶቹ ለሳላው ቆሙ፤ ገሚሶቹ ለእረኛው። አንደኛው «ለግመሎቹ ሣር ከሌላ ቦታ በመኪና ይምጣላቸው» አለ። ሌላዋ «ከፓርኩ ከሚገኘው የመግቢያ ገንዘብ ለከረዩዎች ይድረሳቸው» አለች። የአገዳውን ቅጠል ለከብቶቹ መኖ ማድረግ ይቻላል ያለም ነበር። አዋሽ በር ላይ ስንደርስ ከመኪናው ላለመውረድ ሲያለቅስ የነበረው ትንሹ ልጅ እንኳ «እኔ ስካውት እሆናለሁ» አለ። ክርክሩ አዳማ እስክንደርስ አላለቀም።

ከስድስት ዓመት በኋላ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። በታኅሣሥ ወር በዶፈን አጠገብ መሬት ተሰንጥቃ እንፋሎትና ጭቃ ወደ ላይ ወጣ። የካቲት 7 ቀን የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6 ያህል ነበር። አዲስ አበባ ላሉት እንኳ ተሰምቷቸዋል። ሳተላይት የተመለከቱ የምድር ሊቃውንት ቅልጥ ዐለት በመሬት ውስጥ በስንጥቅ በኩል እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ገለጹ። ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙት ያልኳችሁ ይህ ነበር። በዓይን የማይታየው የስምጥ ሸለቆ መለያየት አንዳንድ ጊዜ ብዙ ዓመት ጠብቆ እንዲህ በአንድ ወቅት ይገለጣል። ቤቶች ተሰነጠቁ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጥተው በመጠለያ ተቀመጡ።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ስልክ ተደወለልኝ። ያች በበሰቃ ዳር ስለ አያቷ የነገረችን ልጅ ነበረች፤ አሁን የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሆናለች።

«መምህር፣ አክስቴና ልጆቿ ከመተሐራ እኛ ቤት መጥተዋል። አያቴን ግን እምቢ አሉ። ‹ውኃውን ሳልሸሽ መሬት ነቀነቀኝ ብዬ አልወጣም› ይላሉ» አለችኝ።

ወሬው በአንድ ቀን ከዚያ ጉዞ ልጆች ሁሉ ዘንድ ደረሰ። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ አንዳንዶቹ ሥራ ይዘዋል። በሳምንቱ አርባ ሁለት ብርድ ልብስ ሰበሰቡ። «ጋሼ ስካውቱስ ደኅና ይሆኑ?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀኝ ያ በግመሎቹ የተቈጣው ልጅ ነበር። ስለ አደጋው በሬዲዮ የሰማ ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ግን የሰሙት ስለ ማያውቁት አገር አልነበረም። ውኃውን ነክተውታል፤ ከአገሩ ሰው ጋር ድፎ ቈርሰዋል። ብርድ ልብሱን ያዋጣው ያ ቀን ነው። አያቲቱም ሰው ሄዶ ካግባባቸው በኋላ ወደ ልጃቸው ዘንድ መጡ፤ ምድሩ ሲረጋጋም ወዲያው ተመለሱ።

እንግዲህ ልጆች፣ እናንተም ከቤተሰባችሁ ወይም ከትምህርት ቤታችሁ ጋር መንገድ ስትወጡ ሦስት ነገሮችን አትርሱ።

አንደኛ፣ እንግዳ ነገር ስታዩ «ጉድ ነው» ብላችሁ አትለፉ። «ከምን መጣ? ቀድሞ ምን ነበረ?» ብላችሁ ጠይቁ። የደረቀው ግንድ እንኳ መልስ ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ በአገሩ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። መጽሐፍ የማይነግራችሁን አንድ እረኛ ወይም አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ይነግሯችኋል። ስትጠይቁም በትሕትና ይሁን፤ ሰው በኑሮው ሲሣቅበት ያዝናል።

ሦስተኛ፣ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ያያችሁትን አገር አትርሱት። ስሙ በዜና ሲነሣ ጆሯችሁን አቅኑ፤ የምታውቁት ሰው በዚያ አለና።

ጥያቄዎች

1. በበሰቃ ሐይቅ ውስጥ የቆሙት የግራር ግንዶች ምን ያስረዳሉ?
2. የዐሸዋውን ሙከራ በቤታችሁ ሠርታችሁ ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።
3. የበሰቃና የሐረማያ ሐይቆች ታሪክ በምን ይለያያል? በምንስ ይመሳሰላል?
4. «ሣሩ ግን አንድ ነው» ያሉት ስካውት ምን ማለታቸው ነው? እናንተ በቦታቸው ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በሁለት ወገን ተከፍላችሁ በክፍል ተወያዩ።
5. በምትኖሩበት አካባቢ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ነገር አለን? አጠገቡ የሚኖር አንድ ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ የነገሯችሁን ጽፋችሁ አምጡ።